የጥጥ ክር ነው ወይስ የፈንገስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ከወሎ የመጡ ናቸው። ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴና ከመርሳ የጻፉልን የጤና ባለሙያዎች ሁሉ የሚጠይቁት በሽታ አምጪ ፈንገስን እንዴት አይቶ መለየት፣ እንዴትስ ለሌላው ማስተማር እንደሚቻል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያችን የቆዳ ፍቅፋቂ በኬኦኤች (ቆዳውን በሚያሟሟው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ) እናያለን። እኔ «የጥጥ ክር ነው» ስል ባልደረባዬ «ሃይፋ ነው»፣ ማለትም የፈንገስ ክር ነው ይላል። የሚዳኘን ሰው የለም። ዓይናችንን እንዴት እናሠልጥን?
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የማይክሮስኮፑን ብርሃን ያስተካክሉ። እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው። ኬኦኤች ቀለም ስለሌለው ኮንደንሰሩ (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበው ሌንስ) ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ዲያፍራሙም (የብርሃኑ መቆጣጠሪያ) ተበርግዶ ከታየ ሃይፋው በብርሃኑ ይዋጣል። ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ ዲያፍራሙን ጠበብ ያድርጉና በ10 ሌንስ ከቨር ስሊፑን (ናሙናውን የሚሸፍነውን ስስ መስተዋት) ከጥግ እስከ ጥግ ይዙሩት፤ የተጠራጠሩትን ብቻ በ40 ያረጋግጡ።

ሃይፋ ውፍረቱ እኩል ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በውስጡም መከፋፈያ ግድግዳ ይታያል። ዋናው ምልክቱ ግን የቆዳ ሕዋሳትን ድንበር አቋርጦ ማለፉ ነው። የጥጥ ክር ከሃይፋ ይወፍራል፣ እንደ ጥብጣብ ይጠማዘዛል፣ ጫፉም የተቦጨቀ ነው። ከሕዋሳቱ በላይ ወይም በታች ስለሚተኛ ፎከሱም ከእነርሱ ጋር አይገጥምም። ከጥጡ የባሰ አሳሳች «ሞዛይክ» የሚባለው ነው። በሕዋሳቱ ድንበር ላይ የሚጠራቀም የኮሌስትሮል ክሪስታል ሲሆን መረብ ሠርቶ ሃይፋ ይመስላል። ልዩነቱ ድንበሩን ተከትሎ መሄዱና ውፍረቱ አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ወፈር ማለቱ ነው። ስላይዱን ለተጨማሪ ጊዜ ቢያቆዩት ሞዛይኩ እየደበዘዘ ሲሄድ ሃይፋው ይበልጥ ጠርቶ ይወጣል። ስለዚህ ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ የመጀመሪያው መፍትሔ ስላይዱን ሃያ ደቂቃ አቆይቶ እንደገና ማየት ነው።

ኬኦኤቹን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ለቆዳና ለፀጉር 10 ግራም ኬኦኤች በ80 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይሟሟል፤ 10 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ይጨመርና በውኃ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ለጥፍር ኬኦኤቹ 20 ግራም ይሁን። ግሊሰሪኑ ስላይዱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሁልጊዜ ኬኦኤቹ ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኬኦኤቹ ላይ አይፈስም፤ ውሁዱ ስለሚግል ፈንጥቆ ዓይን ያጠፋል። ዕቃው የፕላስቲክ ይሁን፣ ክዳኑም ጥብቅ ይበል። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ክፍት የዋለ ኬኦኤች ይደክማል፣ ክሪስታልም ይሠራል፤ ይህም ለሌላ ክርክር በር ይከፍታል። ሌንስ ላይ ከነካ ወዲያው ይጠረግ።

ለቆዳ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ጥፍር አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እርጥብ ወረቀት ባለበት ክዳናማ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ቢያድርም ጥሩ ነው። በእሳት ለማሞቅ ከቸኮሉ ስላይዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በነበልባሉ ላይ ማሳለፍ ብቻ እንጂ ማፍላት አይገባም፤ ከፈላ ክሪስታል ይሞላዋል። ከዚያ ከቨር ስሊፑን በማጣሪያ ወረቀት ቀስ ብለው ይጫኑት። ወፍራም ክምር ውስጥ ማንም ምንም አያይም።

ወደ ዓይን ሥልጠናው ስንመጣ፣ ሰው ፈንገስን መለየት የሚማረው ፈንገስ ያልሆነውን ደጋግሞ በማየት ነው። ስለዚህ ሆን ብላችሁ ማሳሳቻ ስላይድ አዘጋጁ፦ ከፋሻ የተነጨ ክር፣ የጓንት ዱቄት፣ የቫዝሊን ጠብታ፣ የአየር አረፋ፣ ከጤነኛ ተረከዝ የተፋቀ ቆዳ። ከእውነተኛዎቹ ጋር ቀላቅላችሁ በኮድ ብቻ ምልክት አድርጉ። አንዱ ያዘጋጅ፣ ሌላው ብቻውን አይቶ ውጤቱን በወረቀት ይጻፍ፤ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ይገለጥ። አብሮ እያዩ መወያየት ብቻውን አያሠለጥንም፤ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ያሸንፋልና። የኬኦኤች ስላይድ ጠርዙ በጥፍር ቀለም ቢታሸግም የሚቆየው ለቀናት ብቻ ስለሆነ የእያንዳንዱን ምስል በስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን በኩል አንስታችሁ ከነውጤቱ አስቀምጡ። ያልተስማማችሁባቸውን ደግሞ ያዙና በቆዳ ሕክምና የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሐይቅ ሩቅ ስላልሆነ ከዚያ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ብትመክሩባቸው እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ የጭርትና የቆረቆር ሕመምተኞችን ናሙና ወደ ላብራቶሪ እልካለሁ፤ ሁልጊዜ «ፈንገስ አልታየም» የሚል ይመለሳል። ጥፋቱ የላብራቶሪው ነው የእኔ?
ጤና መኮንን፣ ከወልድያ

መልስ፦ በግልጽ እንናገርና፣ ብዙ ጊዜ ናሙናው ነው። ጭርት የሚፋቀው ከመሐሉ አይደለም፤ መሐሉ እየዳነ ያለ ነው። ፈንገሱ ያለው ቀላ ብሎ ከፍ ባለውና በሚፋፋው ጠርዝ ላይ ነው። ቦታውን በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ቅባትና ዱቄት ከቀረ ለላብራቶሪው ማሳሳቻ ይሆናል። ከዚያ በስካልፔል ደነዝ በኩል ወይም በስላይድ ጠርዝ ከውስጥ ወደ ውጭ ይፋቁ። ለካልቸርም (ፈንገሱን በላብራቶሪ ለማብቀል) ጭምር የሚሆን ናሙና በዓይን የሚታይ ቁልል ነው፤ ሁለት ሦስት ቅርፊት አይበቃም።

ሕመምተኛው ፀረ ፈንገስ ቅባት ሲቀባ ከርሞ ከሆነ፣ ሁኔታው ከፈቀደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቁመው ይውሰዱ። ስቴሮይድ ያለበት ድብልቅ ቅባት ከገበያ ገዝቶ የተቀባ ሰው ግን ሌላ ነው፤ የቁስሉ መልክ ተለውጦ ጭርት አይመስልም እንጂ ፈንገሱ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን «ኤክዚማ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት መፋቅ ይገባል።

ለቆረቆር፣ ረጅሙን ፀጉር ቆርጦ መላክ ከንቱ ድካም ነው። የሚፈለገው ከቆዳው ጋር እኩል የተሰበረው እንደ ጥቁር ነጥብ የሚታየው ጉቶ ነው። በወረንጦ ነቅለው፣ ካልተያዘ በስካልፔል ፈልቅቀው ከቅርፊቱ ጋር ይላኩ። በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የፀጉሩን ውስጥ በስፖር (በፈንገስ ዘር) ስለሚሞላው ፀጉሩ በቀላሉ ይሰበራል። ይህ ዓይነቱ በዉድ መብራት (አንዳንድ ፈንገሶችን በሚያበራ የአልትራቫዮሌት መብራት) አያበራም፤ ስለዚህ «በመብራቱ አላበራም» ማለት ቆረቆር አይደለም ማለት አይሆንም። ሕክምናውም በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ቅባት ብቻውን ከፀጉሩ ሥር አይደርስም።

ጥፍር ከሆነ የላይኛውን ልቅ ክፍል ቆርጠው ይጣሉ፤ ከጥፍሩ ሥር፣ ወደ ጤነኛው ክፍል ቀረብ ካለው ቦታ የሚፈረፈረውን ይውሰዱ። ሁሉም በደረቅ፣ ቢቻል በጥቁር ወረቀት ታጥፎ ይላካል። በውኃ ውስጥ ወይም በተዘጋ እርጥብ ቱቦ የተላከ ናሙና ላይ ባክቴሪያ ይነግሥበታል። ፍሪጅም አይግባ።

የመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የቆዳ ፍቅፋቂ» ብቻ ብለው አይጻፉ። ከየት የአካል ክፍል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲቀባ እንደቆየ፣ ከብት አርቢ መሆኑን፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ እንዳለበት ይጻፉ። ቋቁቻ ከጠረጠሩ በተለይ ይግለጹ፤ ላብራቶሪው አጫጭር ጎበጥ ያሉ ክሮችንና በክምር ያሉ ክብ እርሾዎችን አብሮ ካየ ካልቸር ሳያስፈልግ መልሱን ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ በሆስፒታላችን ለ12 ባለሙያዎች የ5 ቀን የፈንገስ ሥልጠና እንድናዘጋጅ ተፈቅዶልናል። ያሉን 6 ማይክሮስኮፖች ናቸው። ምን ይካተት? እንዴትስ እንፈትን?
የላብራቶሪ ክፍል ኃላፊ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሩ፣ 6 ማይክሮስኮፕ ለ12 ሰው ይበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲያይ ሌላው ይመዘግባል። ከባዱ ጉዳይ ጊዜውን ከሌክቸር ማዳን ነው። የፈንገስ ምደባ ላይ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ሥልጠና አትንደፉ፤ ከአምስቱ ቀን ቢያንስ ሦስቱ በማይክሮስኮፕና በሚዲያ ላይ ይዋል። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ሐኪሞችንና ጤና መኮንኖችን ጥሩና ከላብራቶሪ ባለሙያዎቹ ጋር አብረው ናሙና ይውሰዱ፤ እርስ በርስ ተረከዛቸውን ፍቀው በኬኦኤች ይዩት። ለወልድያው ጠያቂ የሰጠነውን መልስ በቃል ከመስማት ይልቅ በእጅ የሞከረው ሐኪም ከዚያ በኋላ ደካማ ናሙና አይልክም።

ቀጥሎ እርሾዎች። የጀርም ቲዩብ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይሥራው፦ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሴረም ላይ ኮሎኒውን በጫፍ ብቻ ነክቶ መጨመር፣ በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ማቆየት፣ አንድ ጠብታ ማየት። ከእርሾው የወጣው ቱቦ መነሻው ላይ ካልጠበበ ካንዲዳ አልቢካንስን ያሳያል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ኮሎኒው ሲበዛ ቱቦው አይወጣም፤ ከ3 ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ካንዲዳ ትሮፒካሊስም መነሻው የጠበበ ክር አውጥቶ ያሳስታል። ስለዚህ አልቢካንስን እንደ አወንታዊ፣ ትሮፒካሊስን እንደ አሉታዊ መቆጣጠሪያ በየጊዜው አብራችሁ ሥሩ። አልቢካንስ ራሱ አንዳንዴ ቱቦ እንደማያወጣም ሠልጣኞቹ ይወቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ቅድሚያ የሚሰጣቸውን 19 የፈንገስ ዓይነቶች ዘርዝሯል፤ ከሁሉ አሳሳቢ ያላቸው አራቱ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ ኦሪስ፣ አስፐርጂለስ ፊዩሚጋተስና ካንዲዳ አልቢካንስ ናቸው። የትምህርቱን ሚዛን ከዚህ ተነሡና አስተካክሉ። ካንዲዳ ኦሪስ ጀርም ቲዩብ አያወጣም፤ የተለመዱት የባዮኬሚካል ኪቶችም በሌላ ስም ሊጠሩት ይችላሉ። ከደም የተገኘ ጀርም ቲዩብ የሌለው እርሾ ፍሉኮናዞል ካልመለሰው «ካንዲዳ» ብሎ መዝጋት ሳይሆን ወደ ሪፈረንስ ላብራቶሪ መላክ እንደሚገባ በደንብ ይጤን። ስሞች እየተቀየሩ ስለሆነም በውጤት ወረቀት ላይ አሮጌውንና አዲሱን አብራችሁ ጻፉ፤ ካንዲዳ ክሩሴይ አሁን ፒኪያ ኩድሪያቭዘቪ ይባላል፤ ሐኪሙ ግን ፍሉኮናዞል እንደማይነካው የሚያውቀው በአሮጌው ስሙ ነው።

ለሻጋታ ልምምድ ውድ ስብስብ መግዛት የግድ አይደለም። እርጥብ ዳቦ በክዳናማ ብርጭቆ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ቀን ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ራይዞፐስ፣ ፔኒሲሊየምና አስፐርጂለስ ያበቅላል። ብርጭቆው የሚከፈተው በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ነው፤ አስም ያለበት ሠልጣኝ ይህን አይንካ። ግልጽ ፕላስተር በሚጣበቀው በኩል ሻጋታውን በስሱ ነክታችሁ በአንድ ጠብታ ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ ላይ ለጥፉት። ቀለሙ 20 ግራም ፌኖል፣ 20 ሚሊ ሊትር ላክቲክ አሲድ፣ 40 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 20 ሚሊ ሊትር ውኃና 0.05 ግራም ኮተን ብሉ ነው፤ ፌኖሉ ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አይያዝ። ፔኒሲሊየም እንደ መጥረጊያ ይበተናል። አስፐርጂለስ ጫፉ ላይ ባበጠ ራስ ዙሪያ ስፖሩን ይደረድራል። ራይዞፐስ ሰፊ፣ ግድግዳ የሌለው የሚመስል ሃይፋ፣ ክብ ከረጢትና ከእግሩ ሥር ሥራሥር የሚመስል ነገር አለው። ይህን የለየ ሰው ነገ ከስኳር ሕመምተኛ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ካለ ክፍተት) በተወሰደ ሥጋ ላይ ሰፊ፣ ጥብጣብ መሰል፣ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሃይፋ ሲያይ ለሐኪሙ በዚያችው ሰዓት ስልክ መደወል እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ ያለው ሥጋ ለካልቸር ሲዘጋጅ በስሱ ይከተፋል እንጂ አይፈጭም፤ ግድግዳ የሌለው ሃይፋ ሲፈጭ ይሞታል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ከሕመምተኛ የበቀለ ነጭ ሻጋታ ሂስቶፕላዝማ ሊሆን ይችላል፤ በአየር ይተላለፋል። ማንም ፔትሪ ዲሽ ከፍቶ አያሽትት፣ በጠረጴዛ ላይም አይክፈት።

ፈተናው 20 ስላይድ ይሁን፤ ከእነዚህ 8ቱ ምንም የሌለባቸው። ያንኑ ፈተና ከሥልጠናው በፊት በመጀመሪያው ጠዋት ስጡ፣ በአምስተኛው ቀን ድገሙት። ድምር ነጥብ ብቻ አትያዙ፤ የነበረውን ሳያይ ያለፈውንና ያልነበረውን «አየሁ» ያለውን ለየብቻ ቁጠሩ። የነበረውን ሳያይ የሚያልፈው ሠልጣኝ ሕመምተኛውን ከነበሽታው ይመልሳል፤ ያልነበረውን የሚያየው ደግሞ አንድን ሕፃን በከንቱ ለሳምንታት ግሪሲዮፉልቪን ያስውጣል። የሁለቱ ማረሚያ የተለያየ ነው። ከሥልጠናው በኋላ በየወሩ 5 ስላይድ ወደየጤና ተቋማቸው ላኩ፣ በ3ኛው ወር ሙሉውን ፈተና ድገሙ። ይህ በጀት ውስጥ ካልገባ ከአምስቱ ቀን አንዱን ቀንሳችሁ አስገቡት።

ጥያቄ፦ የሳቡሮ ሚዲያችንን (ፈንገስ የሚበቅልበትን ምግብ) በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) በ15 ፒኤስአይ ግፊት ለ15 ደቂቃ እናተናለን፤ ሆኖም ዘር ሳንዘራበት ይበቅልበታል። ምን አጠፋን?
የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጥፋቱ ከፍታው ነው። 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ወለል ላይ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሚሆኑ የውጪው አየር ራሱ ቀሏል። ኮምቦልቻ ላይ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ወደ 118፣ ደሴ ላይ ወደ 117 ዲግሪ ነው። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ይጨምሩ፤ ለእርስዎ ወደ 18፣ ለደሴ ወደ 19 ይመጣል። ነገር ግን የማሽኑ ወሰን የተጻፈበትን ሳያዩ አይጨምሩ። ወሰኑ ካልፈቀደ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ያርዝሙት፤ ሳቡሮ ግን አሲዳም ስለሆነ በጣም ከበሰለ አጋሩ አይረጋም። ሙቀት የሚለካ አውቶክሌቭ ካለ ግፊቱን ትተው ሙቀቱን ይከተሉ። ቫልቩን ከመዝጋት በፊት እንፋሎቱ ሳይቋረጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ይውጣ፤ አየር ከቀረ ግፊቱ ቢደርስም ሙቀቱ አይደርስም።

ለካልቸር ክሎራምፌኒኮል በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ ሳይክሎሄክሲማይድ በሊትር 500 ሚሊ ግራም ይጨመራል። ሳይክሎሄክሲማይድ ግን ክሪፕቶኮከስን፣ አስፐርጂለስንና አንዳንድ ካንዲዳን ጭምር ስለሚያግድ ሁልጊዜ ሁለት ቱቦ ይዝሩ፤ አንዱ ያለው፣ አንዱ የሌለው። የቆዳ ፈንገስ እስከ 4 ሳምንት ስለሚቆይ በዲሽ ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር ያፍሱ፤ ቀጭን ሚዲያ ከመብቀሉ በፊት ይሰነጠቃል። ከየዙሩ ሁለቱን ሳይዘሩ አስቀምጠው ንጽሕናውን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትርን በቻይና ቀለም እንመረምራለን። ውጤቱ ላይ ምን ያህል እንመን?
የላብራቶሪ ቴክኒሽያን፣ ከከሚሴ

መልስ፦ ከታየ ይመኑ፤ ካልታየ አይመኑ። የጀርባ ፈሳሹን ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አዙረው ከዝቃጩ አንድ ጠብታ ከትንሽ ቀለም ጋር ያዋሕዱ። በስላይዱ ሥር የተቀመጠ ጽሑፍ በቀለሙ ውስጥ ካልተነበበ ቀለሙ ወፍሯል፤ ያቅጥኑት። ክሪፕቶኮከስ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ብርሃን አለው፣ ግድግዳው ያንጸባርቃል፣ በቀጭን አንገት ቡቃያ ያወጣል። ነጭ የደም ሕዋስም ብርሃን ያለው ይመስላል፤ ጠርዙ ግን የተድበሰበሰ ነው፣ ቡቃያም የለውም። ቀለሙ ራሱ በእርሾ ሊበከል ስለሚችል በየቀኑ ቀለሙን ብቻውን ይዩ።

የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራ (የፈንገሱን ቅሪት የሚፈልገው) ከዚህ እጅግ የበለጠ ይይዛል። ኤችአይቪ ያለበትና ሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሕዋሱ ቁጥር) ከ100 በታች የሆነ ሰው ራሱን ባያመውም በደሙ ይመርመር። አንቲጅኑ እጅግ ሲበዛ በምርመራ ቁራጩ ላይ የሚወጣው መስመር ሊደክም ይችላልና ምልክቱ ግልጽ ሆኖ ውጤቱ አሉታዊ ከመጣ አቅጥነው ይድገሙት። አንቲጅንም የቻይና ቀለምም ከሕክምና በኋላ ለረጅም ጊዜ አወንታዊ ሆነው ስለሚቆዩ መዳንን ለመለካት አይሆኑም፤ ለዚያ ካልቸር ነው። ለሐኪሙ ደግሞ አንድ መልእክት፦ ማጅራት ገትሩ ከተረጋገጠ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ የሚጀመረው ፀረ ፈንገሱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከቆላ የመጣ ገበሬ እግሩ አብጦ ጥቁር ፍሬ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ዝሆኔ ነው ወይስ ሌላ?
ነርስ፣ ከመርሳ

መልስ፦ ፍሬ ከወጣ ማይሴቶማን (በፈንገስ ወይም በባክቴሪያ የሚመጣ ሥር የሰደደ የእግር እብጠትን) ይጠርጥሩ። በደጋ የለመድነው ዝሆኔ ፍሬና የሚፈስ ቀዳዳ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ጥቁር ፍሬ የፈንገስ፣ ቀይና ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ነው፤ ነጩ ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል በመልክ ብቻ አይወሰንም። መለየቱ ግዴታ ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

ከላይ የሚፈሰው መግል የተበከለ ነው። በመርፌ ወይም በባዮፕሲ ከጥልቁ የወጣው ፍሬ በንጹሕ ጨዋማ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ፣ በሁለት ስላይድ መሐል በኬኦኤች ይጨፍለቅ። ክሩ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ከሆነ ፈንገስ ነው፤ 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባክቴሪያ ነውና በግራም ቀለም ያረጋግጡ። ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል የሚላክ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ በመላኪያው ወረቀት ላይ ሁለት ጠርሙስ እንዲያዘጋጅ ይጻፉለት፤ አንዱ 10 በመቶ ፎርማሊን ለፓቶሎጂ፣ አንዱ ንጹሕ ጨዋማ ውኃ ለካልቸር። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ፍሬ ከዚያ በኋላ አይበቅልም።